ሃምሳ ሰባት ቁጥር

መስከረም 20

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከውሃው ንፋስና ከጉልበትዎ ቁርጥማት ጋር እንዴት ሰነበቱ? እኔ ሥራዬንም ጤናዬንም ይዤ አለሁ፤ የጎደላችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ። ደሴቱ ላይ ያላችሁ ሁሉ በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁት። ደግሞ የእናንተ ኔትወርክ ከእማዬ ጆሮ ጋር የተመካከረ ይመስለኛል፤ ስለ ዓይኗ ስጠይቃት ስለ ዶሮዎቿ ትመልስልኛለች።

ጉዳዬ ያው የእማዬ ዓይን ነው። የጤና ጣቢያችሁ ነርስ የዓይን ሞራ ነው፣ ማዶ ሆስፒታል ሄዳ ዓይኗን ትሠራ ካለች ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ቀጠሮ አሳለፈች። ሦስተኛውን ለኅዳር 30 በስንት ልመና አስያዝኩ። ጀልባው ማዶ ለመድረስ አርባ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ የማውቃት እማዬ አንድ ድውር ክር ለመግዛት እንኳ የምትሻገር ሴት ነበረች። አሁን ግን «ውሃው ይከብደኛል» ትለኛለች። ምን ማለት ነው ውሃው ይከብደኛል? አጥብቄ ስጠይቃት ዶሮዎቹ ይመጣሉ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በዚያ ጀልባ ላይ ሰው ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ እሷም ከእርስዎ በላይ የምትሰማው የለም። በሞቴ፣ እጇን ይዘው ያሳፍሩልኝ።

ሥራዬን ላልጠየቁኝ ልንገርዎ፤ አንድ ትልቅ ሆቴል እጥበት ክፍል ውስጥ ኪስ ፈታሽ ሆኛለሁ። ልብሱ ማሽን ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ኪስ እገለብጣለሁ። ሰው ኪሱ ውስጥ የሚረሳውን ቢያዩ ጉድ ይላሉ። ትናንት ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘሁ፤ መዳፌ ላይ ሆኖ ሲስቅብኝ ጮህኩ።

ልጅዎ፣ ጥድፊያ


ጥቅምት 28

ለልጄ ለጥድፊያ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ እጅሽን ማሽን፣ እግርሽን መንገድ አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ደብዳቤሽን እናትሽ ደጃፍ ተቀምጬ አነበብኩላት። ጥርሱ ጋ ስደርስ እስኪያስላት ሳቀች። ጀልባው ጋ ስደርስ ግን «ዶሮዎቹ አልተመገቡም» ብላ ተነሳች። ዶሮዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ በልተዋል፤ አንዷማ ጠግባ ተኝታ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀጠሮው በፊት ውሃውን ትልመደው ብዬ፣ እንዳልሽው እጇን ይዤ ወደብ አወረድኳት። ንጹህ ቀሚሷን ለብሳ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በፌስታል ይዛ። መወጣጫው ሳንቃ ድረስ በደህና ደረስን። ለተሳፋሪው የነሐስ ቁጥር የምታድለው ልጅ ቁጥሯን ስትዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ቁጥሮቹ የሚሰቀሉበትን ሰሌዳ በጣቷ ዳበሰች፣ ዳበሰችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ወንድሜ፣ መልሰኝ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ያየናል፤ ምን ላድርግ፣ መለስኳት።

ግድ የለሽም፣ እንደገና እሞክራለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ እዚያ ወፍራም የሥራ ጓንት ካለ ላኪልኝ። እርጥብ ገመድ መዳፌን እንደ አሮጌ ጫማ ሰነጣጠቀው። ቀለሙ ምንም ይሁን፤ ሙሽራ አልሆንበት።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ለውድ አጎቴ፣

የዝናብ ነጋሪው ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጓንቱን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ቀለሙ ብርቱካን ነው፣ ይቅርታ፣ ሙሽራ ያስመስልዎታል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እርስዎን ከገመድ ጋር ምን አገናኘዎት? ቆጣሪ አልነበሩም እንዴ? አገሩ ሁሉ «ቆጣሪው» እያለ የሚጠራዎት ሰው እርጥብ ገመድ ሲጎትቱ ምን ሆነው ነው? መቼ ተቀየሩ? በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንድም ደብዳቤ አልነገሩኝም።

እኔ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ጠረጴዛ ጋ ነው የማያዎት። ሲሳፈር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የነሐስ ቁጥር ሲያድሉ፣ ሲወርድ «ሳጥኑ ውስጥ! ኪስ ውስጥ አይደለም፣ ሳጥኑ ውስጥ!» እያሉ ሲጮሁ። ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ምስማር ላይ ሲሰቅሉ። ልጅ ሆኜ አንድ ምስማር ባዶ ከቀረ ሰው ውሃ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው ሲሉኝ ሌሊት በሕልሜ ምስማር እቆጥር ነበር።

ከተነሳ አይቀር አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። የሄድኩ ዕለት የሰጡኝ ሃምሳ ሰባት ቁጥር እኔ ጋ ነው! በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በአንድ እጄ ካፖርት ይዤ ስሮጥ ረስቼው ኪሴ ውስጥ ቀረ። አውሮፕላን ውስጥ ሳገኘው ብቻዬን ሳቅሁ። ቁልፌ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ በራፌን በከፈትኩ ቁጥር እርስዎን አያለሁ። ያን ጊዜ ብዙ አልተቆጡብኝም አይደል? የሰው ኪስ የምፈትሽ ሴት የራሴን አለመፈተሼ ያስቀኛል።

የኅዳር 30ን ነገር አደራ።

ጥድፊያ


ታኅሣሥ 22

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከአንድ ወር በላይ መልስ ጠበቅሁ። ቀጠሮው አለፈ። ሆስፒታሉ ስደውል «አልመጡም» አሉኝ፤ ሌላ ምንም።

ትናንት እማዬ በጎረቤቷ በልብስ ሰፊዋ ስልክ ደወለች። ምድጃው መጥፋቱን ለማየት እጇን ሰድዳ ተቃጥላለች። «ትንሽ ነው» ትላለች። የእማዬን «ትንሽ ነው» እርስዎም ያውቁታል። የጎረቤቷን ፊት ከድምጿ ነው የምትለየው። ሐኪሙ ለየካቲት 28 የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቷል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ማየቷን አላረጋግጥም ብሏል።

አጎቴ፣ ተቆጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። ስለ ጀልባው በጠየቅሁ ቁጥር እሷም ዝም፣ እርስዎም ዝም። የሆነ ነገር ደብቃችሁኛል። እናቴ እንዳትታወር ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ጓንቱ ደረሰዎት?

ጥድፊያ


ጥር 14

ልጄ፣

ጓንቱ ደርሷል። አላጠለቅሁትም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለሽ ታነቢያለሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

የኅዳሩን ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት አንድ ቦታ ዘለልኩ። ስለ ቁልፍሽ የጻፍሽውን። «ምነው ቆምክ?» አለችኝ። «ጽሑፏ አይነበብም» አልኳት። የአንቺን ጽሑፍ እንኳን እኔ፣ ዶሮዎቿም ያነቡታል።

ልጄ፣ ሃምሳ ሰባት ቁጥር አንቺ ጋ እንዳለ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አውቃለሁ። በእጄ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ማዶ ስትደርሺ እየሮጥሽ ሳጥኑን አልፈሽ ስትሄጂ አይቻለሁ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ብጠራሽ ወሬው አባትሽ ጋ ይደርስ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ «ከዚህች ደሴት ንቅንቅ ትይና!» ያለሽን አትረሺውም። አውሮፕላንሽ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ማንም እንዳይደርስብሽ ፈለግሁ። ሌላ ክፋት አልነበረኝም።

ቁጥሮቹን ስሰቅል አንድ ምስማር ባዶ ቀረ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ጀልባው ሰው አይጭንም፣ መንገዱ ሁሉ ይፈተሻል። የወደቡ ኃላፊ «ቁጥሩን ሳይጥል የወረደ አለ?» አለኝ። «የወረደ ሁሉ ጥሏል፤ አይቻለሁ» አልኩት። አስፈረመኝ። ፈረምኩ። እስከ ማታ ብቻ የምትቆይ ውሸት መስላኝ ነበር።

መንገዱን እየፈተሽን ወደ ደሴቱ ተመለስን፤ ዋናተኞች ገቡ። ቀትር ላይ አልጋሽ ባዶ መሆኑ ታወቀና እናትሽና አባትሽ እየሮጡ ወደቡ ላይ ደረሱ። አባትሽ ረጅም እንጨት ይዞ ከማሰሪያው ሥር ውሃውን ይወጋል፤ መዳፉ እስኪላጥ። እናትሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃ ውሃውን ታያለች። እናትሽ ሬሳሽን ስትጠብቅ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ አውሮፕላንሽን እጠብቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ «እታለም፣ ልጅሽ በሕይወት አለች። ማዶ ስትወርድ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ አገር ለቃ ሄዳለች» አልኳት። ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። አባትሽ እንጨቱን ጥሎ ተቀመጠ። ከዚያ እናትሽ ዞር ብላ «ታዲያ ውሃው ውስጥ ያለው ማን ነው? ቁጥሯን ስትጥል አይተሃታል?» አለችኝ። የአባትሽን መዳፍ አየሁ። ቀኑን ሙሉ በከንቱ ነው ያደከምኩህ ልበለው? «አዎ፣ ስትጥል አይቻታለሁ» አልኩ።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። እኔን ከጠረጴዛው አንስተው ገመድ ላይ አደረጉኝ፤ እሱስ ቀሎኛል። ጓንትሽን ያላጠለቅሁትም ለዚህ ነው፤ መዳፌ ቢላጥ ይገባኛል። ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ አልተኩትም። ሰሌዳው ላይ ከሃምሳ ስድስት ቀጥሎ ባዶ ምስማር፣ ከዚያ ሃምሳ ስምንት። እናትሽ በጣቷ ያገኘችው እሱን ነው።

እሷ እዚያ ውሃ ውስጥ የሰው ልጅ አለ ብላ ታምናለች። «የኔ አይደለችም ሲሉኝ ሳቅሁ። በሌላ እናት ልጅ ሞት ሳቅሁ» ትላለች። በዚያ ውሃ ላይ መሄድ ሰው ረግጦ እንደመሄድ ነው የምታየው። ውሃው ይከብደኛል የምትልሽ ይህንን ነው። በየዓመቱ የሄድሽበት ዕለት ብቻዋን ወርዳ ውሃውን ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ ገመዴን እየጠቀለልኩ አያታለሁ።

አንድ ቃል ብናገር ዓይኗ ይድናል። ያችን ቃል ነው ያቃተኝ። እባክሽ አንቺ ንገሪያት፤ እኔን ከምትሰማኝ ካንቺ ብትሰማው ይሻላል።

አጎትሽ ለመባል ከበቃሁ፣ አጎትሽ


የካቲት 3

አጎቴ፣

በሥራ ሰዓት ነው ያነበብኩት። የሰው ሱሪ ኪስ ውስጥ እጄን እንደከተትኩ ቆሜ ቀረሁ። አለቃዬ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ክፉኛ ተናደድኩ። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እኔን ስትጠብቅ እየታየኝ ሦስት ቀን አላነጋገርኩዎትም፤ እርስዎ ባያውቁም በልቤ አኩርፌዎት ነበር። ከዚያ ደግሞ የማን ዕዳ ነው ብዬ አሰብኩ። የሮጥኩት እኔ። ኪሴን ያላየሁት እኔ። እዚህ እንጀራዬን የምበላው እርስዎ ያን ዕለት አፍዎን ስለዘጉ ነው። እኔ በዚያች ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ስስቅ፣ እናንተ ዘጠኝ ዓመት ስታለቅሱባት ኖራችኋል።

ትናንት እማዬ ደወለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ከእኔ ብትሰማ እርስዎ እስከ ዕለተ ሞትዎ ዓይኗን ቀና ብለው አያዩም። እናቴ ዓይኗ እንዲበራ የምለፋው ወንድሟ ፊቱን ሲያዞርባት እንድታይ አይደለም። እርስዎ ነዎት የሚነግሯት። አፈር ስሆን።

ሃምሳ ሰባት ቁጥርን ከቁልፌ ፈትቼ እዚህ ፖስታ ውስጥ ሰፍቼ ልኬያለሁ። መዳፏ ላይ ያስቀምጡላት፤ ከዚያ ይንገሯት። ቀጠሮው የካቲት 28 መሆኑን አይርሱ። ጓንቱንም ያጥልቁ፤ የእርስዎ መዳፍ መላጥ ለማንም አይጠቅምም።

ልጅዎ፣ አሁንም ልጅዎ


መጋቢት 12

ለልጄ ለጥድፊያ፣

የምሥራች! እናትሽ ታያለች። ቀኝ ዓይኗ ተሠርቶ ፋሻው የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። አየችኝ፣ አየችኝና «አርጅተሃል» አለችኝ። «አንቺስ?» አልኳት። «እኔን መስታወት ሳይ እነግርሃለሁ» አለች። ግራው ከሁለት ወር በኋላ ይሠራል። አሁን እስቲ ከመጀመሪያው ላውራልሽ።

ፖስታሽ እንደደረሰ ሦስት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ፤ አልዋሽሽም። በአራተኛው ቀን ደጃፏ ተቀመጥኩና ቁጥሯን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ዳበሰችው። አምስትን አገኘች፣ ሰባትን አገኘች። «ከውሃ አወጣችሁት?» አለችኝ። «ውሃ ገብቶ አያውቅም» አልኩና ከላይ እስከ ታች ነገርኳት። ጥፋቱን ወደ አንቺ አላስጠጋሁም፤ የኔን ብቻ ነው ያወራሁት። ስጨርስ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። «ዘጠኝ ዓመት» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችብኝ።

አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ውሃ ባመጣላት ደጅ ላይ ትተወዋለች። ዶሮዎቿ ሳይቀሩ ያኮረፉኝ መሰለኝ። በመሃል የወደቡ ኃላፊ ጋ ገባሁና ለእሱም ተናገርኩ፤ አዲስ ሰው ነው፣ የድሮውን መዝገብ አስወጥቶ «ያልወረደ መንገደኛ አንድ» የሚለውን ሲያነብ ቆየ። ከዚያ «ከዚህ በኋላ መቁጠሪያው ጠረጴዛ አጠገብ እንዳላይህ፤ ገመድህ ላይ ጡረታህን ጠብቅ» አለኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር አገኘሁት።

የካቲት 28 ጠዋት ገመድ ልፈታ ወደብ ስወርድ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እናትሽ ልብስ ሰፊዋን ተደግፋ፣ ፌስታሏን ይዛ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ተሰልፋለች። ገመዱን ሳልፈታ አያታለሁ። «ፍታ እንጂ ገመዱን፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለች። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። ልጅቷ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ሰጠቻት፤ ያዘች።

መሃል ውሃ ላይ ስንደርስ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። የብረቱን ድጋፍ ይዛ ወደ ታች ታያለች፤ ምን እንደምታይ እንጃ።

«በእርግጥ ማንም የለም?» አለችኝ።

«ማንም የለም፣ እታለም።»

«ማል።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ስለ ዓይን አትማልብኝ!» አለችና ድንገት ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ማልቀሳችንን ልብስ ሰፊዋ አየችና መሀረብ አቀበለችን። «ለዚያ እናት ስጸልይላት ነበር» አለችኝ፣ «ልጇ እንዲወጣላት። እናቲቱ ለካ እኔው ነኝ።» ከዚያ እጄን ያዘች። «ጓንት አለኝ ብለህ አልነበር? መዳፍህ እንጨት ሆኗል» አለች። ብርቱካኑን ጓንትሽን አሁን አጥልቄዋለሁ። ሰው ሁሉ ሙሽራው እያለ ይስቅብኛል።

ማዶ ደረስን። ሰው ወረደ፣ ቁጥሩን ሳጥኑ ውስጥ ጣለ። እናትሽ ተራዋ ሲደርስ ሠላሳ አንድን ጣለች። ከዚያ ከጉያዋ ሃምሳ ሰባትን አውጥታ ሳመችው፤ እሱንም ጣለችው። ቅጭል ሲል ሰማሁ።

እኔ ራቅ ብዬ ገመዴን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጠረጴዛው ጋ እንዳልደርስ ተብያለሁ። ልጅቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሥራ ከጀመረች እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟት አያውቅም።

«አንድ ሰው ይተርፈኛል!» ብላ ጮኸች። «ሰማንያ አሳፍሬ ሰማንያ አንድ ወረደ! ማን ነው ይሄ?»

እናትሽ ልብስ ሰፊዋን ተደግፋ ወደ ድምጿ ዞረች።

«የኔ ልጅ ናት» አለቻት። «ቸኩላ ነበር። አሁን ገና ወረደችልኝ።»

አጎትሽ፣ ገመድ ያዡ